ዶርም፣ ነን ካፌ ወይስ ኪራይ? ጎጃም ለሚማር የሩቅ ተማሪ የማነጻጸሪያ መመሪያ

ምደባው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ የደረሰው ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ነገር ይወስናል፤ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ከቤት የሚላክለትን ገንዘብ እንዴት እንደሚያብቃቃ። አብዛኛው ሰው ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ዶርሙን ስለተሰጠው ይገባበታል፤ የካፌው፣ ማለትም የግቢው መመገቢያ ወጥ ሲሰለቸው ነን ካፌ ይወጣል፣ የምግቡን በጀት በገንዘብ ይወስዳል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ ቤት ይደውላል። ነገር ግን አንዱን የነካ ሌላውንም ይነካል። ማብሰያ የሌለው ነን ካፌ ገንዘቡ ምግብ ቤት ያልቃል፤ ከግቢ ርቆ የተከራየ ደግሞ በኪራይ ያተረፈውን ለባጃጅ ይከፍላል።

የትኛውንም አማራጭ በወሩ መጀመሪያ ሳምንት አትመዝኑት። ገንዘብ በገባ ሰሞን ሁሉም ያዋጣል። መመዘን ያለበት ወሩ 20 ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናትና ፈተና በተደራረበበት ሳምንት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙ፦ ኪስ ሲሳሳ በዚህ አማራጭ እራት አለኝ ወይ? ፈተና ሲደርስ በቀን ስንት ሰዓት ይበላብኛል?

ከሁሉ በፊት ከተማው

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ይሞቃል። ብስክሌት ያለው ተማሪ ከተማውን ያለ ብዙ ድካም ይዞረዋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሁለቱም ብርዳም፣ እንጅባራ ደግሞ ዝናቡ የሚበዛበት። ይህ ልዩነት የምትይዙትን ልብስ ብቻ ሳይሆን የምግቡንም ነገር ይለውጣል። ባሕር ዳር የተገዛ እንጀራ በሦስተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል፤ ማርቆስና እንጅባራ አራት አምስት ቀን ይቆያል። በየትኛውም ከተማ ትኩሱን እንጀራ ፌስታል ውስጥ አፍናችሁ ካሰራችሁት ላብ ያወጣና በማግስቱ ይነካል፤ መጀመሪያ ይብረድ።

ለባሕር ዳር ጋቢ አንድ ይበቃል፤ ዋናው ዕቃ አጎበር ነው። ከክረምቱ መውጫ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። በዚያ ሰሞን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ተማሪ «ጉንፋን ነው» ብሎ መዋል የለበትም፤ የዚያኑ ቀን የግቢው ክሊኒክ ሄዶ ደም ይመርመር። ጣና ዳር ባዶ እግር ገብቶ ልብስ ማጠብና መዋኘትም ይቅር፤ ውኃው ውስጥ የብልሃርዝያ ትል አለ። ለማርቆስና ለእንጅባራ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲና ውኃ የማያስገባ ጫማ ከቤት ይያዝ። ልብስ በደመና ቀን ሁለት ቀን ተሰጥቶም ስለማይደርቅ አንድ ቅያሪ ሱሪ መጨመር ይበጃል።

ዶርምና ካፌ አንድ ላይ

ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱ ደግሞ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ፍሬሽ ተማሪ ከተማውን አያውቅም፣ የትኛው ደባል እንደሚስማማው አያውቅም፣ የትምህርቱንም ጫና ገና አልለካም። ዶርምና ካፌ እነዚህን እስኪያውቅ ጊዜ ይሰጡታል። ወሩ 25 ሲሞላ ኪሱ ባዶ ቢሆን እንኳ የካፌ ካርዱን ይዞ ምሳ ይበላል። ፈተና ሲመጣም ለምግብ የሚያጠፋው የሰልፉን ጊዜ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ካፌ ነፃ አይደለም። ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው የኮስት ሼሪንግ ውል የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን በዕዳ ይመዘግብበታል፤ ከምረቃ በኋላ ከደመወዙ ይቆረጣል። ቅጹ ላይ ምግብና መኝታን በአገልግሎት ወይስ በገንዘብ እንደምትወስዱ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ሳታነቡ አትፈርሙ። የማትጠቀሙበትን አገልግሎት እንደ ተጠቃሚ ፈርማችሁ ከተገኛችሁ ያልበላችሁትን ትከፍላላችሁ። የፈረማችሁትን ቅጂ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

የካፌው ችግር የሚታወቅ ነው። ሰዓቱ ቁርጥ ነው፤ ላብራቶሪ የቆየ ተማሪ እራቱ ያልፈዋል። እራት ገና በጊዜ ስለሚበላ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሚያጠና ሰው ይርበዋል፤ ያን ጊዜ ወጥቶ የሚገዛው ሻይና ብስኩት ሲጠራቀም የወሩን ገንዘብ ይጨርሰዋል። የዚህ መድኃኒቱ ሎከር ውስጥ ያለ በሶ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፓስታው ሲፈራረቅ የሚጎድለው እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ባሕር ዳር ደግሞ በወራቱ የሚረክሰው ማንጎና ፓፓያ ይህን በጥቂት ገንዘብ ያሟሉታል። ሙሉ በሙሉ ነን ካፌ ከመውጣት በፊት ይህን አንድ ወር ሞክሩት።

ዶርም በገባችሁበት ቀን ዕቃ ሳታወርዱ ሦስት ነገር አድርጉ። የሎከሩ መዝጊያ ይሠራ እንደሆነ ተመልከቱ፤ የራሳችሁን ጠንካራ ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። የተሰበረ አልጋ ወይም መስኮት ካለ ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ኃላፊ) ዛሬውኑ አስመዝግቡ፤ ሳይመዘገብ ከቀረ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ክሊራንስ (የዕቃ ማስረከቢያ ፊርማ) ስታስጨርሱ «አንተ ነህ የሰበርከው» ይባላል። ሦስተኛው ትኋን ነው። የፍራሹን ስፌትና የብረት አልጋውን መገጣጠሚያ በስልክ መብራት እዩ፤ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ አለ ማለት ነው። መገጣጠሚያው ላይ የፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ አንሶላና የትራስ ልብስ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ፍራሹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እየተገላበጠ ይውላል። እንቁላሉ በኋላ ስለሚፈለፈል ከ10 ቀን በኋላ መድገም ግድ ነው። ብዙ ሰው አንዴ አድርጎ «መድኃኒት የለውም» የሚለው ይህን ሁለተኛውን ዙር ስለሚተወው ነው። ደግሞም ከዶርሙ ልጆች ግማሹ አጽድቶ ግማሹ ከተወ ድካሙ ከንቱ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ተመካክሮ ሁሉም በአንድ ላይ ያድርገው።

ነን ካፌ፦ ሦስት ዓይነት ነው

ነን ካፌ ሲባል ተማሪው የካፌ ካርዱን ትቶ የምግቡን በጀት በገንዘብ የሚወስድበት ነው። ምዝገባው ብዙ ጊዜ በዓመቱ ወይም በሴሚስተሩ መጀመሪያ ስለሚካሄድ መሐል ላይ ሐሳብ ቀይሮ መመለስ ይከብዳል። ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ምግብ በእጁ ሳይዝ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ወር በብድር ይጀምረዋል። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

አንደኛው እየገዙ መብላት ነው። ከሦስቱ የከፋው ይኸው ነው። በነፃነቱ ይማርካል፤ ቁርስ አንድ ቦታ፣ ምሳ ሌላ ቦታ። ነገር ግን እያንዳንዱ ምግብ አዲስ ውሳኔ ስለሆነ ወጪው አይያዝም፤ በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ከሦስት ምግብ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድና ሻይ ይወርዳል። ፈተና ከወር መጨረሻ ጋር ሲገጣጠም የሚታመሙት በብዛት እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ኮንትራት ነው። በየግቢው ዙሪያ ለተማሪ የሚያበስሉ እናቶች አሉ፤ በወር ተከፍሏቸው ምሳና እራት ያቀርባሉ። ጥሩ ኮንትራት ያገኘ ተማሪ የቤት ወጥ ይበላል፣ ጊዜው አይባክንም። ኮንትራቱን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሙሉው ወር አስቀድሞ ሲከፈል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወጡ ይቀጥናል። በቀን የሚቆጠር ሲሆን ደግሞ የቀረ ምግብ ይቃጠላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውሉን በምግብ ብዛት እንጂ በቀን አታድርጉት። አንድ ጠንካራ ወረቀት ላይ 60 ሳጥን ይሠመር፤ 30 ምሳና 30 እራት ነው። አንድ በበላችሁ ቁጥር አንዱ ሳጥን በሁለታችሁ ፊት ይሰረዝ። ቤተሰብ ጋ ብትሄዱ፣ ብትታመሙ፣ ግብዣ ላይ ብትውሉ ያልተሰረዘው ሳጥን የእናንተ እንደሆነ ይቆያል። ክፍያውንም በ15 ምግብ በ15 ምግብ ከፋፍሉት። «እትዬ፣ እኔም እንዳልቸገር እርስዎም እንዳይቸገሩ በየ15ቱ ልክፈል» ብሎ በአክብሮት የጠየቀን ተማሪ እምቢ የሚሉ ጥቂቶች ናቸው፤ የሸቀጥ ዋጋ መሐል ላይ ሲጨምር እሳቸውንም ከኪሳራ ያድናቸዋልና።

ከመስማማታችሁ በፊት እንደ ማንኛውም ተመጋቢ ሦስት ቀን ከፍላችሁ ብሉ፤ አንዱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ይሁን። የጾም ወጡን አሳምሮ የሚሠራ ቤት በፍስኩ አያሳፍርም። የእጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና እንዳለው፣ የመጠጥ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ እዩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና በፍስክ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ያን ጊዜ ዋጋው ይቀንስ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛው የጋራ ድስት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ማብሰል። ጎጃም ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ለቅኔ የመጣው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ በአኩፋዳው ያመጣውን ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ነው የተማረው። በደንብ ከተያዘ ከነን ካፌ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ካልተያዘ ደግሞ ወዳጅነትን የሚያፈርስ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ዶርም ውስጥ ምድጃ መለኮስ ክልክል ነው፤ ከአራቱ አንዱ ማብሰያ ያለው ኪራይ ቤት ከሌለው ይህ አማራጭ የለም። ቤቱ ካለ ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት እንጀራ ቢያዝ ለአራት ሰው በቀን 12፣ በወር 360 እንጀራ ነው። ሽሮ በቀን አንድ ጊዜ ቢሠራና ለአንድ ሰው 30 ግራም ዱቄት ቢታሰብ በወር 3.6 ኪሎ ይሆናል፤ 4 ኪሎ ያዙ። ለአንድ ድስት አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለት ድስት ሲሆን በወር 3.6 ሊትር ነው፤ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ወሩን አልፎ ይተርፋል። ሽንኩርት ለአንድ ድስት 300 ግራም ቢሆን 18 ኪሎ ይደርሳል፤ ብዙ ሰው ሒሳቡ የሚፋለስበት እዚህ ላይ ነው፣ ሽንኩርትን «ትንሽ ነገር» ብሎ ይዘለዋል። በእነዚህ ላይ ምስር፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ጨው ጨምሩ፤ የከተማችሁን የዛሬ ዋጋ እየጠየቃችሁ አባዙና ለአራት አካፍሉ። ያ ቁጥር ከነን ካፌው ክፍያ በልጦ ከተገኘ ልዩነቱን ከየት እንደምታመጡ ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ለአራት ሰው የሚበቃ ሽሮ አንድ ብርጭቆ የሽሮ ዱቄት ለአራት ብርጭቆ ውኃ ነው። ሽንኩርቱ በዘይት በደንብ ይቁላላ፣ ውኃው ይግባና ይፍላ፣ ከዚያ እሳቱ ተቀንሶ ዱቄቱ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰል። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ የገለበጠ ሰው ጓል ይበላል። ጓል እንዳይዝ ዱቄቱን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጨመር ይሻላል። ከ20 ደቂቃ በታች የበሰለ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሆድም ይነፋል። አንድ ድስት ከነመቁላላቱ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀኑ ሁለት ድስትና ገበያ ሲደመር የተረኛው ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ለአራት ሰው ተራው በየአራት ቀኑ ስለሚደርስ ይቻላል። ለሁለት ሰው ግን በየሁለት ቀኑ ነው፤ ሁለት ሆናችሁ የጋራ ድስት አትጀምሩ።

ተራው በቃል አይያዝም፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡን አንድ ሰው ለአንድ ወር ይያዝ፣ የገዛውን ሁሉ ከነዋጋው በአንድ ደብተር ይጻፍ፣ በወሩ መጨረሻ ለሌላው ያስረክብ። ያበሰለ ሰው ዕቃ አያጥብ። እንግዳ የመጣ እንደሆነ፣ በእኛ አገር አትብላ አይባልም፣ ይብላ፤ ነገር ግን ያስመጣው ልጅ የአንድ ምግብ ድርሻ ደብተሩ ላይ ያስመዝግብ። ይህ ሲቀር ነው አንዱ «የአንተ ዘመዶች» የሚል ቃል አውጥቶ ቤቱ የሚበተነው። ሃይማኖታቸው የተለያየ ልጆች የጾሙን ወጥ አብረው ያበስሉ፤ ለሥጋ ግን ድስቱም ቢላውም ለየብቻ ይሁን። ፈተና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተራ ይቆማል፤ ቅዳሜ አብረው ምስሩንና ድንቹን በብዛት ያበስላሉ፣ ቀሪውን በድርቆሽ ይገፉታል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ወጥ ባሕር ዳር ከአንድ ቀን አይለፍ፤ ማርቆስ ጠዋትና ማታ እየፈላ ሁለት ቀን ይቆማል።

ኪራይ

ኪራይ የሚያዋጣው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ለብቻ ሳይሆን ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ፣ ከግቢ በእግር 20 ደቂቃ በማይሞላ ርቀት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዶርም ይሻላል። እንደ ዘንዘልማ ያለ ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ ከዓባይ ማዶ ያለ ግቢ የሚማር ተማሪ መሐል ከተማ ቢከራይ የመመላለሻው ወጪና ሰዓት ኪራዩን እጥፍ ያደርግበታል፤ እዚያው ግቢ መቆየት ይበጀዋል። ከተማው ውስጥ ባሉት በፔዳ ወይም በፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ግን ከተማው ደጁ ስለሆነ ሰፊ ምርጫ አለው።

ወጪውን ስታሰሉ የወር ኪራዩን ብቻ አትዩ። ፍራሽ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ትሪ፣ የእንጀራ መያዣና የበር ቁልፍ ስንት እንደሚወጣባቸው ደምራችሁ ለ10 ወር አካፍሉት፤ ያ ቁጥር የኪራዩ አካል ነው። የደላላ ካለ ጨምሩት። ክረምት ግቢ ሲዘጋ ቤቱን ትለቃላችሁ ወይስ እየከፈላችሁ ታቆያላችሁ? ከለቀቃችሁ ዕቃውን የት ታኖራላችሁ? ይህን ያላሰበ ተማሪ በሰኔ የገዛውን ሁሉ በግማሽ ዋጋ ሸጦ በጥቅምት እንደገና ይገዛል።

ቤት አንድ ጊዜ አይታይም። በቀን አንዴ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሌላ አንዴ እዩት። በቀን የግድግዳውን ግርጌ ዳስሱ፤ ቀለሙ የተላጠና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣ ከሆነ ክረምት ውኃ ይስባል፣ መጽሐፍና ፍራሽ ይሻግታል። ቀና በሉ፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ባሕር ዳር ከቀትር በኋላ ምድጃ ነው፣ እንጅባራ ደግሞ ዝናብ ሲመታው መምህሩ በዙም ቢያስተምር እንኳ አይሰማም። ማታ ሲሄዱ የሚታየው ሌላ ነው። መንገዱ መብራት አለው ወይ? አጎራባች ቤቱ ጭፈራ ቤት ነው ወይ? በተለይ ሴት ተማሪዎች ከላይብረሪ እስከ በሩ ድረስ በዚያው ሰዓት ተጉዘው ይዩት፤ በሩም ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን።

ለአከራይዋ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ «እትዬ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በማይመጣበት ቀን የምንቀዳበት በርሜል አለ? መጸዳጃ ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? በኤሌክትሪክ ማብሰል ይፈቅዳሉ? ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ክፍያው እንዴት ይካፈላል?» የመጨረሻው ብዙ ጠብ ያስነሣል። 1,500 ዋት ያለው አንድ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ይህን ቁጥር አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው በግምት ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ምድጃውን ደግሞ ለስልክ ቻርጀር በተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ 7 አምፔር የሚጠጋ ስለሚስብ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ተማሪው ክፍል ሄዶ ሳለ ቤቱ ይቃጠላል። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፤ ሶኬቱ ከሞቀ ይጥፋና ባለሙያ ይየው።

የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጻፉት፤ የወሩ ኪራይ፣ እስከ መቼ እንደማይጨምር፣ ውኃና መብራት የማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅ ወይም ለማስለቀቅ የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። አከራይ ቅር ይላቸው ይሆን ብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ ጎጃሜ ውል ያከብራል።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የምንለምናችሁ ነገር አለ። ማርቆስም ሆነ እንጅባራ ማታ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ይወጣል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት «ጭስ የለውም» ብለው ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ይህ ሁሉ ሳይሰማው ይቀራል። መስኮት ገርበብ ማድረግ በቂ አይደለም። ከሰል ደጅ ይለኮስ፣ ደጅ ይጥፋ። ለብርዱ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን ጎማ በሆነ የሙቅ ውኃ መያዣ አድርጎ እግር ሥር ማኖር፣ ጋቢ ደርቦ መተኛት ይበቃል። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት።

ከቤት የሚመጣ ስንቅ

ዶርም ያለውም ተከራዩም ያለ ስንቅ የወሩን መጨረሻ አይዘልቀውም። ከስንቅ ሁሉ በሶን የሚያህል የለም፤ እሳት አይፈልግ፣ ጾም አይከለክለው። በቀን 60 ግራም፣ ማለትም አራት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ቢያዝ በወር 1.8 ኪሎ፣ ለአራት ወር ሴሚስተር 7 ኪሎ ገደማ ነው። ለመጠጥ ከሆነ ይህ መጠን በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ከጥቂት ጨው ወይም ማር ጋር ይበጠበጣል፤ መጀመሪያ በትንሽ ውኃ ይታሽ፣ ከዚያ ይቅጠን፣ አለበለዚያ ይቋጠራል። ገብሱ በደንብ ያልተቆላ ከሆነ ዱቄቱ ነጣ ይላል፣ ሆድም ይጎረብጣል፤ እናት ከመላኳ በፊት ትቅመሰው። ጠባብ አፍ ባለው ክዳናም ዕቃ ይቀመጥ፤ እርጥብ ማንኪያ አንድ ቀን ከገባበት ሙሉው ይሸታል።

ድርቆሽ ከበሶ ይቀጥላል። እንጀራው መዳፍ በሚያህል ተቆራርጦ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታው። መድረቁ የሚታወቀው ሲሰብሩት ቀጭ ሲል ነው፤ ከታጠፈ ገና ነው። ከፀሐይ እንደወረደ ትኩሱን ማሰር አይገባም፤ ሙቀቱ ውስጥ ገብቶ ያረጥበዋል፣ ባሕር ዳር ሲደርስ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ጭኮ ኃይለኛ ምግብ ነው፤ ግን ለማርቆስና ለእንጅባራ ተስማሚ ነው፣ ባሕር ዳር ሙቀቱ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ቅቤው ውኃው ጨርሶ እስኪጠፋ ካልተነጠረ ጭኮው ቶሎ ይሸታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድና ለጥናት ሌሊት ናቸው፤ እንደ ምግብ አይታሰቡ።

ብዙ ቤተሰብ ስንቁን ሁሉ በመስከረም ጭኖ ይልካል። ዶርም ጓደኛው ብዙ ነውና በጥቅምት ያልቃል። ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ከተማሪው ጋር፣ ግማሹ በሰው ወይም በመኪና ኅዳር ላይ ቢላክ ለፈተናው ይደርሳል።

ገንዘብና መንገድ

ቤተሰብ በቴሌብር ወይም በባንክ የሚልከውን በወር አንዴ ሳይሆን በ1ኛውና በ16ኛው ቀን ከፍሎ ይላክ። ተማሪውም ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ የሚሆን የ10 ቀን ምግብ ወጪና የመሳፈሪያ ገንዘብ በጥሬው ይያዝ። ይህ ገንዘብ ለጓደኛ በብድር አይሰጥም፤ መታወቂያ በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ። አገር በተረበሸ ሰሞን ግቢ ውስጥ ያለው ካፌ ተማሪ ከሁሉ ቀድሞ እራቱን ያገኛል፤ ይህም ለዶርምና ካፌ ትልቅ ነጥብ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀን ይገባል። ባሕር ዳር ከዚያ ወዲያ ሌላ 265 ኪሎ ሜትር አለ፤ ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ያልተሳፈረ ይመሽበታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ሆድ ስለሚያናውጥ ከዚያ በፊት ከበድ ያለ ቁርስ አትብሉ፤ የፊት ወንበርና የመስኮት ዳር ይሻላል። ላፕቶፕ፣ ሰነድና ገንዘብ ከእጅ አይለይ፤ ስንቁና ብርድ ልብሱ ጣሪያ ላይ ሊወጣ ስለሚችል በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰር።

ከዶርም ወደ ኪራይ ለመውጣት የቆረጠ ሰው ፍለጋውን በግንቦት ይጀምር፤ ተመራቂዎች የሚለቋቸው ቤቶች ያን ጊዜ ይታወቃሉ፣ ዕቃቸውንም በረከሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ጥቅምት ላይ አዲስ ተማሪ ሲጎርፍ የሚፈልግ ግን የቀረውን ቤት በጨመረ ዋጋ ያገኛል። ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት የዶርሙን ቁልፍ ለፕሮክተሩ አስረክቦ ፊርማ ይቀበል፤ ያን ወረቀት እስከ ምረቃው ክሊራንስ ድረስ አይጣለው።